በሩቅ ሲያዩት ሁሉም ያምራል!

ዛሬ የጫጉላ ጠብም ሆነ የፍቅረኛ ኩርፊያ ይዤላችሁ አልመጣሁም፡፡ የመንገድ ወሬ ነው ያለኝ፡፡ ያውም የሩቅ መንገድ… አምስተርዳም! «ይኸው ደግሞ አንዱ አውሮፓን ረግጦ መጣና ጉራውን ሊቸረችርብን ነው» እንዳትሉኝ አደራ፡፡ እውነቱን ለመናገር ጉራ የሚሆን ነገር ይዤ አልተመለስኩም፡፡ አንድ ሥዕል አይቻለሁ፤ ያንን ሥዕል ስላነሳ ጉደኛ ካሜራ ሰምቻለሁ፤ ከእህቴ ጋር ደግሞ ለዓመታት ያልተነጋገርነውን ተነጋግሬያለሁ፡፡ ሦስቱን ምን አገናኛቸው? ታገሱኝ፣ እነግራችኋለሁ፡፡

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ፡፡ ዕድሜዬ 29 ነው፣ አላገባሁም፣ እንጀራዬ ካሜራ ነው፡፡ ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ… የተገኘውን አነሳለሁ፡፡ ድሮ ፎቶ አንሺ ሲባል ትንሽ ከበሬታ ነበረው አሉ፡፡ አሁን ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ ይዞራል፡፡ በቀደም አንዱ ሙሽራ «የአክስቴ ልጅ በስልኩ ካነሳው ያንተ በምን ይበልጣል?» ብሎ ከሒሳቤ ላይ ሲቆርጥብኝ የምመልስለት ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩት፡፡

እንግዲህ ኪሴም ሞራሌም በሳሱበት ሰዓት ነው ሆላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የግብዣ ወረቀት የላከችልኝ፡፡ ተመላለስኩ፣ ተሰለፍኩ፣ በመጨረሻ ቪዛው ተመታልኝ፡፡ 21 ቀን!

ወሬው ሰፈር ሲሰማ ጀለሶቼ ሻይ ቤት ሰብሰብ ብለው ምክር ጀመሩ፡፡ ምክሩም አንድ ነው፤ «ፋራ እንዳትሆን! እዛው ላሽ በል፡፡» አንደኛው ጭራሽ የመብራት ዕቃዬን ዋጋ ጠየቀኝ፡፡ «ለማትመለስበት ነገር ምን ይሠራልሃል? ለእኔ ሽጥልኝ» ይላል፡፡ እኔም አልዋሻችሁም፣ ልቤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር፡፡ እህቴ በየበዓሉ የምትልከውን ፎቶ ብታዩ እናንተም ልባችሁ ይሸፍት ነበር፡፡ ቀይ ኮት፣ ከኋላዋ ጫፉ የማይታይ የቱሊፕ አበባ ማሳ፣ ፊቷ ላይ እስከ ጆሮዋ የደረሰ ፈገግታ፡፡ እማዬ ፎቶውን ባየች ቁጥር «ልጄ ገነት ገብታለች» ትላለች፡፡

ብስክሌት በሙዚየም ሆድ ውስጥ

የደረስኩት በእኛ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው፡፡ አምስተርዳምን ባጭሩ ንገረን ካላችሁኝ ውሃ፣ ድልድይና ብስክሌት ነው፡፡ ቤቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፡፡ አንዳንዶቹ ወደ መንገዱ ዘመም ብለው ጎረቤት የሚያማ ሰው ይመስላሉ፡፡ አናታቸው ላይ መንጠቆ አለ፡፡ ለምን ብትሉ፣ የውስጥ ደረጃቸው በጣም ጠባብ ስለሆነ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ነው የሚገባው፡፡ መንገድ ስታቋርጡ ደግሞ ከመኪና ይልቅ ብስክሌት ፍሩ፡፡ እኔ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት ጊዜ ተደወለብኝ፡፡ አንዲት አሮጊት እንደውም ቆም ብላ አንድ ነገር አለችኝ፡፡ ቋንቋው አልገባኝም፣ ስድብ መሆኑ ግን ገብቶኛል፡፡

እህቴ ሥራ ስለነበራት አብረን የወጣነው በአራተኛው ቀን ነው፡፡

«የት ልውሰድህ?» አለችኝ፡፡

«የእጅ ሥራዬ ዓይን ነው፤ ዓይን የሚያጠግብ ነገር አሳዪኝ» አልኳት፡፡

ወደ ራይክስሙዚየም ወሰደችኝ፡፡ (በነገራችን ላይ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፡፡) በ1885 የተከፈተ፣ ቀይ ጡብ ለባሽ፣ ባለ ግንብ፣ ቤተ መንግሥት መሳይ ሕንፃ ነው፡፡ የሚያስቀው ነገር የብስክሌት መንገድ በመሃል ሆዱ ሰንጥቆት ያልፋል፡፡ ሙዚየሙ ለእድሳት ለአሥር ዓመት ያህል ተዘግቶ በ2013 ሲከፈት፣ ብስክሌተኞቹ «መንገዳችን አይነካም» ብለው ተሟግተው አሸንፈዋል፡፡ እናላችሁ ያ ሁሉ የዓለም ቅርስ ከላይ ተሰቅሎ፣ ከታች ሰዉ ጎመኑን በቅርጫት ጭኖ ፔዳሉን እየመታ ያልፋል፡፡

እህቴ ለአሥራ ሦስት ዓመት እዚያ አገር ስትኖር አንድም ቀን ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም፡፡ ገረመኝ፡፡

«በዚህ በር ሥር ስንቴ አልፌያለሁ መሰለህ» አለች፤ «ግን ጠዋት ከሥራ ስወጣ…» ብላ አቋረጠችው፡፡ ሰው ጠዋት ወደ ሥራ ይገባል እንጂ ይወጣል እንዴ? አልጠየቅኳትም፡፡

የሌሊት ያልሆነው «የሌሊት ዘብ»

ፎቅ ላይ ረጅም አዳራሽ አለ፡፡ ግራና ቀኙ በሥዕል የተሞላ ነው፤ እግራችሁ ግን ሳታዙት ወደ ጫፉ ይሄዳል፡፡ ምክንያቱም ጫፉ ላይ የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» አለ፡፡

በ1642 የተሠራ ነው፡፡ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ከ80፣ ወርዱ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ፡፡ የከተማው ጠባቂዎች ናቸው፣ ጠመንጃና ጦር ይዘው ሊወጡ ሲሰናዱ፡፡ መሃል ላይ አለቃው ጥቁር ለብሶ፣ በቀይ መቀነት አጊጦ እጁን ዘርግቷል፤ አጠገቡ ምክትሉ ቢጫ ለብሷል፡፡ ከወንዶቹ መሃል አንዲት ትንሽ ልጅ ብርሃን አርፎባት ቆማለች፣ ወገቧ ላይ ዶሮ አንጠልጥላ! ከበሮ የሚመታ አለ፣ ውሻም አለ፡፡ ስሙ «የሌሊት ዘብ» ይባል እንጂ ሌሊት አይደለም፡፡ ላዩ የተቀባው ቫርኒሽ በዘመን ብዛት ሲጠቁር ቀኑ ሌሊት መሰለና ስሙ በዚያው ቀረ፡፡

ይህ ሥዕል ያየው መከራ ግን ሰው ቢሆን አይችለውም፡፡ በ1715 ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሲወስዱት ለተመደበለት ግድግዳ ሰፋ፡፡ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በአራቱም ጎን ቆረጡት! በግራ በኩል የነበሩ ሁለት ሰዎች አብረው ተቆርጠው ቀሩ፤ ቁራጮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተደበቀ፡፡ በ1911 አንዱ በቢላ ሞከረው፤ በ1975 ሌላው በዳቦ ቢላ ዘነጣጠለው፤ በ1990 ደግሞ አንዱ አሲድ ረጨበት፤ ጠባቂዎች ወዲያው ውሃ ስላፈሰሱበት ከቫርኒሹ አላለፈም፡፡

እኛ ስንደርስ ሥዕሉ ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ ነበር፡፡ ከ2019 ጀምሮ ሐኪም ቤት እንደገባ በሽተኛ እዚያው ሕዝብ ፊት እየተመረመረ ነው፡፡ በ2024 ኅዳር አካባቢ ደግሞ ያረጀውን ቫርኒሽ ማንሳት ተጀምሯል፡፡ ሥዕሉን በግላጭ ለማየት የሄደ ሰው ከመስታወት ጀርባ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ ነው የሚያየው፡፡ ሰዉም ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ያነሳል፡፡ እኔም አነሳሁ፡፡ ምን ወጣልኝ? የአሥራ አምስት ሰው ጭንቅላትና አንድ ጥቁር ነገር፡፡

8,439 ጊዜ «ጠቅ!»

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፡፡ አጠገባችን አንድ አስጎብኚ ለጎብኚዎቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳ ነበርና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፡፡ ማታ ቤት ገብቼም በኢንተርኔት ሳነብ አመሸሁ፡፡

ሙዚየሙ ሥዕሉን እያንዳንዱ ስንጥቅ እስኪታይ ድረስ ለማንሳት ፈለገ፡፡ በአንድ ፎቶ አይሆንም፤ የዓለም ምርጥ ካሜራ ቢመጣ አይችልም፡፡ ስለዚህ ቆራርጦ ማንሳትና መስፋት ነው፡፡ በ2020 የመጀመሪያው ወጣ፤ በ24 ረድፍ፣ በየረድፉ 22፣ በድምሩ 528 ፎቶዎች ተሰፍተው 44.8 ጊጋፒክስል ሆኑ፡፡ አንድ ጊጋፒክስል ማለት አንድ ቢሊዮን ነጥብ ነው፡፡ እሱም አልበቃቸው፡፡ በ2022 ጥር ላይ 717 ጊጋፒክስል የሆነውን አወጡ!

ይህን ቁጥር ወደ እኛ ቤት ላውርደው፡፡ ስልካችሁ 12 ሜጋፒክስል ነው እንበል፡፡ ያንን ለመሙላት ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ የስልክ ፎቶ ያስፈልጋችኋል፡፡ እነሱ የተጠቀሙት ሃሰልብላድ የተባለ ባለ 100 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው፡፡ በአንድ ጠቅታ የሚያነሳው 5.5 በ4.1 ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦታ ማለት ነው፡፡ እሷን አንስቶ ትንሽ ፈቀቅ፣ አንስቶ ትንሽ ፈቀቅ… 8,439 ጊዜ፡፡ በእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ላይ 200 ነጥብ ተደርድሯል፡፡ አንዷ ነጥብ ከሰው ቀይ የደም ሕዋስ ታንሳለች ይላሉ ባለሙያዎቹ፡፡ ፋይሉ 5.6 ቴራባይት ነው፡፡

ታዲያ ይህን የሰው እጅ ሊሠራው ይችላል? ሒሳብ ሠራሁ፡፡ በየደቂቃው አንድ ፎቶ ባነሳ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሳላርፍ ብሠራ፣ አሥራ ሰባት ቀን ተኩል ይፈጅብኛል፡፡ ቪዛዬ እዚያው ያልቃል! ድካሙስ ይሁን፤ ችግሩ ሌላ ነው፡፡ በዚያ ቅርበት ካሜራው ከሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢል ፎከሱ ይጠፋል፡፡ ሸራው ደግሞ እንደ መስታወት ልሙጥ አይደለም፤ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰረጉዳል፡፡ ለዚህ ነው ካሜራውን በሞተር በሚንቀሳቀስ ብረት ላይ የሚያስሩት፡፡ ሮቦት ሲባል ፊልም ላይ እንዳየነው ዓይኑ የሚበራ ነገር አትጠብቁ፡፡ ወደ ጎንና ወደ ላይ በልክ የሚሄድ፣ የማይሰለች፣ የማይንቀጠቀጥ ብረት ነው፡፡

ጉግልም ለዚህ ሥራ የራሱ ካሜራ አለው፡፡ በ2016 ይፋ ሲያደርገው፣ ከሥዕሉ ያለውን ርቀት በሌዘርና ጆሯችን በማይሰማው ድምፅ እየለካ ፎከሱን እንደሚያስተካክል ተናግሯል፡፡ የሌሊት ወፍ በጨለማ መንገዷን እንደምታገኘው ማለት ነው፡፡ ጉግል በወቅቱ እንደገለጸው፣ ቀደም ሲል በአምስት ዓመት 200 ገደማ ሥዕል ብቻ ነበር በዚህ ጥራት ማንሳት የቻለው፤ ካሜራው ከተሠራ በኋላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ አነሳ፡፡

«ለከተማና ለመልክዓ ምድርስ?» ብትሉ፣ ለእሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፡፡ ጊጋፓን ይባላል፤ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና ናሳ ያወጡት ነው፡፡ ማርስ ላይ የወረዱት መንኮራኩሮች ፎቶ እየቆራረጡ ሰፊ ትዕይንት ከሚሰፉበት ዘዴ የተወለደ ነው፡፡ ይህኛው ፈቀቅ አይልም፤ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን ወደ ጎንና ወደ ላይ ያዞራል፡፡ ኦባማ በ2009 ቃለ መሐላ ሲፈጽም አንድ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በዚህ መሣሪያ 220 ፎቶ አንስቶ ሰፋቸው፡፡ 1,474 ሜጋፒክስል ሆነ፡፡ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የፈለጋችሁትን ሰው ፊት ማቅረብ ትችላላችሁ፡፡

ለምን አንዱ ይዞራል፣ ሌላው ፈቀቅ ይላል? ሞክሩት፡፡ አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርጉና ዓይናችሁን በየተራ ጨፍኑ፡፡ ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ይዘላል አይደል? ከተማ ስታነሱ ካሜራው ቦታ ከለወጠ ቅርቡ ፎቅ ከሩቁ ተራራ ጋር እንደዚያ ይዘላልና ስፌቱ ይበላሻል፡፡ ስለዚህ በሌንሱ ውስጥ ባለች አንዲት ነጥብ ዙሪያ ብቻ መዞር አለበት፡፡ ሥዕል ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ቅርብና ሩቅ የለውም፡፡ ይልቅ ካሜራው ከዞረ ጠርዙ ላይ ያሉት ነገሮች ይጣመማሉ፡፡ ለዚህ ነው ፊት ለፊቱ ቆሞ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚለው፡፡

ቀረብ ሲሉት…

ወደዚያው ቀን ልመልሳችሁ፡፡ ግፊያው ሲያሰለቸን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፡፡ ያንን ትልቁን ፎቶ ሙዚየሙ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት አድርጎታልና በስልኬ ከፈትኩት፡፡ እስቲ አስቡት፤ ዋናው ሥዕል ከፊታችን ነው፣ እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተነው ስልክ ላይ አቀርቅረናል፡፡

እህቴ በጣቶቿ ሥዕሉን ታቀርበዋለች፡፡ ከሩቅ ወርቅ የሚመስለው የምክትሉ ልብስ ቀረብ ሲል ወፍራም የቀለም ጉብታ ብቻ ነው፡፡ የአለቃው ፊት በሩቅ ኩሩ ነው፤ ቀርባችሁ ስታዩት ከግንባሩ እስከ አገጩ የደረቀ መሬት ይመስል ስንጥቅጥቅ ብሏል፡፡ ባለሙያዎቹ ሥዕሉን በሌሎች መሣሪያዎች ሲመረምሩ ደግሞ ሬምብራንት ያጠፋው ነገር ሁሉ ተገኝቷል፡፡ የአንዱ ዘብ ቆብ ላይ ላባ ሠርቶ ነበር፤ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ በቀለም ሸፈነው፡፡ ያንን ያህል ሰው የሰገደለት ጌታ እንኳ ተሳስቶ ደልዟል!

«እይ፣ ይኼ የኔን እጅ አይመስልም?» አለችኝ እህቴ፣ የልጅቷን ጉንጭ አቅርባ፡፡

ሳቅሁ፡፡ ከዚያ እጇን አየሁት፡፡ አራት ቀን ሙሉ አብሬያት በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፤ ያንን እጅ ግን አላየሁትም ነበር፡፡ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ አንጓዎቿ ላይ ቆዳው ነጭ ሆኖ ተቀርፏል፡፡

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መድኃኒቱ ነው፤ የማጽጃው፡፡ ጓንት ለብሼም ይገባል፡፡»

«የምን ማጽጃ? ቢሮ አይደል እንዴ የምትሠሪው?»

«አዎ ቢሮ ነው የምሠራው» አለች ፈገግ ብላ፡፡ «ሌሊት ባዶውን ሲሆን አጸዳዋለሁ፡፡ ቢሮ እሠራለሁ አልኳችሁ፤ ምን እንደምሠራ መች ጠየቃችሁኝ?»

እውነቷን ነው፡፡ አልጠየቅንም፡፡ ቢሮ ካለች ወንበር ላይ አስቀመጥናት፡፡

«ቱሊፑስ? ቀዩ ኮትስ?»

«ኮቱ የጓደኛዬ ነው፡፡ ማሳው ጋ አንድ ቀን ነው የሄድነው፡፡ ሦስት ልብስ ይዤ ሄጄ እየቀያየርኩ ተነሳሁና ለሦስት በዓል ከፋፈልኩት፡፡» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፡፡ «አትዘን፤ ሥራዬ አያሳፍረኝም፡፡ ኪራዬን እከፍላለሁ፣ ለእማዬ እልካለሁ፣ አሁን ወረቀቴም ሙሉ ነው፡፡ አንተም እዚሁ ለመቅረት እያሰብክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፊትህ ላይ ይነበባል፡፡ አትቅር አልልህም፣ ቅርም አልልህም፡፡ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፡፡ የእኔ ወረቀት እስኪወጣ ስድስት ዓመት ፈጀ፡፡ አባዬ በአራተኛው ዓመት ሞተ፡፡ እናንተ ስትቀብሩት እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር፡፡ ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝማ፡፡ እስከ አሁን ድረስ መሞቱን ልቤ አላመነም፡፡ ፊቱ እንኳ እየጠፋብኝ ነው፡፡»

ምን እላለሁ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ለአባቷ ለቅሶ እንኳ አልመጣችም፣ ፈረንጅ ሆናለች» ሲሉ ከሚያሟት ዘመዶች መሃል ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ፡፡ አንድም ቀን አልተከራከርኩላትም፡፡ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅኳት፡፡ እሷም በዚያ በተሰነጠቀ እጇ ጭንቅላቴን ደባበሰችኝ፣ ልጅ እያለሁ እንደምታደርገው፡፡

የድሃ ሰው ሮቦት

ነገሩን ላሳጥረው፤ በሃያ አንደኛው ቀን ተመለስኩ፡፡ ጀለሶቼ እስከ ዛሬ «ጅል» ይሉኛል፡፡ ይበሉኝ፡፡ የቀሩትን ልፈርድባቸው አይደለም፤ ሁሉም የራሱን ያውቃል፡፡ እኔ ግን እማዬን ብቻዋን ጥዬ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔም ፌርማታ ላይ ቆሜ ስልክ ስሰማ ታየኝና ልቤ እምቢ አለ፡፡

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሳሎን የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶ ነው፡፡ ፎቶ ቤት የተነሱት፣ በእኛ 1984 ዓ.ም.፡፡ እኔ አልተወለድኩም፡፡ አባዬ፣ እማዬና የአምስት ዓመቷ እህቴ፣ ከኋላቸው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፡፡ ቀለሙ ወደ ቀይ ሸሽቷል፣ መስታወቱ ዝንብ የነካካው ነው፡፡ ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ላይ ስላየሁት አይቼው አላውቅም፡፡

ሮቦት የለኝ፤ ማስመሪያና መጽሐፍ ግን አለኝ፡፡ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁና እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ፡፡

ፎቶውን ከመስታወቱ አወጣሁት፤ መስታወት ካለ ነጸብራቁ ያስቸግራል፡፡ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን አትጎትቱት፣ እንዳለ ይቅር፡፡ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አነሳሁ፤ ውሃ የሚባል ነገር አላስነካሁትም፡፡ ጠረጴዛ ላይ አነጠፍኩት፤ ብርሃኑ ከሁለት ወገን እኩል እንዲመጣ ሁለት መብራት ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጌ አቆምኩ፡፡ ፍላሽ አልጠቀምኩም፡፡ ካሜራውን ቁልቁል አድርጌ በተደረደሩ መጽሐፎች ላይ አጋደምኩት፡፡ ፎከሱንና የብርሃን ልኩን አንዴ አስተካክዬ ቆለፍኩ፤ በየመሃሉ ከተለዋወጠ ስፌቱ ያስታውቃል፡፡ ከዚያ ፎቶውን ከሥሩ በማስመሪያ እየለካሁ፣ በየጊዜው ካነሳሁት ሲሶው እንዲደገም እያደረግኩ ፈቀቅ አደረግሁት፡፡ በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት፣ 24 ፎቶ፡፡ ሁጊን በሚባል ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሰፋሁት፡፡ የመጀመሪያው ስፌት የአባዬን ጆሮ ሁለት አደረገው፤ ደገምኩት፡፡ በሦስተኛው ያዘ፡፡ በስልክም ይሆናል፤ ዋናው ቁም ነገር አለመንቀጥቀጥና አለመቸኮል ነው፡፡

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፡፡ ካሜራ ወረቀቱ ላይ የሌለውን አይጨምርም፡፡ ያለውን ነው የሚያወጣው፡፡ ግን ስንት ነገር አለ መሰላችሁ!

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሬ ጥግ ጥጉን አየሁ፡፡ የእማዬ ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል፡፡ የአባዬ ኮት አንዱ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፡፡ እህቴ አንድ ጫማዋ ተፈትቶ፣ ዓይኗ ወደ በሩ ነው፣ ልትሮጥ ስትል የተያዘች ትመስላለች፡፡ ለካ በእርግጥም ተይዛለች! ከወገቧ በስተኋላ፣ ከቀሚሷ መቀነት ሥር፣ የአንድ ሰው ጣት ቆልመም ብሎ ይታያል፡፡ የአባዬ ጣት፡፡ ፊቱ እንደ ወታደር ተገትሮ ሌንሱን ያያል፤ እጁ ግን ከኋላ ልጁን መቀነቷን ይዟታል፡፡

እማዬን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት፡፡ መነጽሯን አድርጋ አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች፡፡ «ያን ቀን እንዴት እንዳስቸገረችን! ፎቶ አንሺው ሦስቴ ተቆጥቷት… አባትሽ ነው የያዛት» አለች፣ እኔን «አባትሽ» ብላ፡፡ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእሷ ጋር ነበር የምታወራው፡፡

ለእህቴ ላክሁላት፤ ሙሉውንም፣ ጣቱን ለብቻውም፡፡ እዚያ ሥራ የምትገባበት ሰዓት ነበር፡፡ ለረጅም ጊዜ መልስ የለም፡፡ ንጋት ላይ አጭር የድምፅ መልእክት መጣ፡፡ ከኋላዋ የምንጣፍ ማጽጃው ማሽን ይሰማል፡፡ «ይዞኝ ነበር እንዴ?» ትላለች፡፡ ከዚያ ለቅሶ፡፡ ያ በዘጠኝ ዓመት ያልወጣው ለቅሶ፡፡

እንግዲህ ለወጣት አንባቢዎቼ የምለው ይህቺን ነው፡፡ ውጭ ያለ ዘመድ ፎቶ ሲልክላችሁ «ዋው» ብላችሁ አትለፉት፤ ደውሉና «እጅሽ እንዴት ነው? ሌሊት ነው ቀን የምትሠሪው?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ውጭ ያላችሁም የተሰነጠቀውን እጅ አትደብቁብን፡፡ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ፎቶ ካለ ደግሞ በዚህ ሳምንት አውርዱት፡፡ ስሙን፣ ቀኑን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አሳዩአቸው፡፡

ያ ሒሳቤን የቆረጠብኝ ሙሽራ ዛሬ «ያንተ በምን ይበልጣል?» ቢለኝ መልሱ አለኝ፡፡ ስልክም ሆነ ሮቦት ጠቅ ማለት አያቅተውም፡፡ የት ቀርቦ ማየት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ሰው ነው፡፡

ቸር ይግጠመን!